የመርከቧ ግራጫ ቀለም

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

እንደምን ሰነበቱልኝ? ወገብዎ እንዴት ነው? ብርድ በገባ ቁጥር የሚነሳብዎት የጉልበት ቁርጥማትስ ተወት አደረገዎት ወይስ ዘንድሮም አብሮዎት ከረመ? እናቴ እንዴት ናት? ቤቱ፣ ጋራዡ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ነው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር በአካሌ ደህና ነኝ። ሥራም አለኝ፣ ምግቤንም እበላለሁ፣ እንቅልፌንም እተኛለሁ ልል ነበር፤ እሱን ግን አልዋሽዎትም፣ ደህና እንቅልፍ ከተኛሁ ሳምንት አልፎኛል። ይህን የምጽፍልዎትም በዚሁ ምክንያት ነው። እባክዎ እናቴ ፊት ጮክ ብለው አያንብቡት። መጀመሪያ ለብቻዎ ይዩትና እንደሚሆን አድርገው ይንገሯት። እንደሚያውቋት፣ በትንሽ ትልቁ አገር ይያዝልኝ ማለት ትወዳለች።

የምሠራበትን ሱቅ በስልክ ስነግርዎት ስቀውብኝ ነበር። የፕላስቲክ መርከብ፣ አውሮፕላንና መኪና ተበታትኖ በካርቶን የሚሸጥበት ሱቅ ነው። ገዢው ቤቱ ወስዶ ክፍሎቹን ከተያያዙበት ፍሬም እየቆረጠ በማጣበቂያ ይገጣጥማል፣ ከዚያ ቀለም ይቀባዋል። እጁ የማይታዘዝለት ደግሞ ለእኛ ይሰጠናል። እኔ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል፣ መስኮቱ ላይ ከተተከለው ማራገቢያ ሥር፣ ማስኬን አድርጌ እቀባለሁ። ባለሱቁን እኛ ሠራተኞቹ ሚሊሜትር ነው የምንለው፣ በፊቱ ባይሆንም። አንዲት ጣሳ ከመደርደሪያው መስመር ወጣ ካለች ምሳው አይወርድለትም። ሲቀጥረኝ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቀለም መርጨት ከማን ተማርሽ አለኝ። እኔም አፌን ሞልቼ የመኪና ቀለም ቀቢ ልጅ ነኝ፣ ያስተማረኝ አባቴ ነው አልኩት። ሌላ አልጠየቀኝም። እንግዲህ እዚህ የቆምኩት በእርስዎ ስም ነው።

ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ ሽማግሌ ካርቶን ታቅፈው ገቡ። መካኒኩ እንላቸዋለን፤ ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ የጭነት መርከብ የሞተር ክፍል ውስጥ የሠሩ ሰው ናቸው። መርከቧ አርጅታ ተቆራርጣ ለብረት ከተሸጠች ቆይታለች። ካርቶኑ ውስጥ ያለው የእሷው ትንሽ ፕላስቲክ አምሳያ ነው። የገጣጠሙት ከሚስታቸው ጋር ነው። የእሳቸው ጣት ወፍራም ስለሆነ ጥቃቅኑን ሁሉ፣ አጥሩን፣ መሰላሉን፣ ከምስር የማይበልጠውን የመስኮት ክፈፍ ሳይቀር፣ በወረንጦ እየያዙ ያጣበቁት ባለቤታቸው ናቸው። ቀለም ሳይቀባ ባለቤታቸው አረፉ። ሞዴሉ ደግሞ መመረት ካቆመ ዘመን አልፎታል፤ ቢፈለግ ሌላ አይገኝም።

የእሳቸው ዓይን እየጠፋ ነው። ፊት ለፊት ያለው ነገር አይታያቸውም፤ የሚያዩት ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው በጎን በኩል ነው፣ የሚያዳምጡ ነው የሚመስሉት። ለትናንት ረቡዕ ቀዶ ጥገና ተቀጥሮላቸው ነበር። ሐኪሙ ወይ ይበራል ወይ ጨርሶ ይጨልማል፣ መካከል የለውም ብሏቸዋል። ስለዚህ የለመኑን አንድ ነገር ነው፤ ከቀጠሮው በፊት መርከቧን ቀለም ለብሳ ልያት አሉን። ከክብሪት ቀፎ ውስጥም ከእውነተኛዋ መርከብ የተላጠች፣ ጥፍር የምታክል ግራጫ ቀለም አውጥተው ሰጡን፤ ይህንኑ ይሁንልኝ አሉ።

አባቴ፣ ጥፋቴ ከዚህ ይጀምራል። መገጣጠሚያዎቹን በስቱኮ ሞልቼ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ፣ በሳሙና ውሃ አጥቤ አደረቅኳት። የቀረው ቀለሙን የሚያስይዘው ፕራይመር ነበር። መደርደሪያው ላይ ለፕላስቲክ ተብሎ የተሠራው አለ፤ ቀጭን፣ ሽታው እንኳ የማይሰማ። ናቅኩት። ይሄ ምን ይይዛል አልኩ። ከታች ደግሞ ሚሊሜትር የሱቁን የብረት በር ሊያድስበት የገዛው የመኪና ፕራይመር ነበረ። ክዳኑን ከፍቼ ባሸተትኩት ጊዜ እርስዎ ከነቱታዎ አጠገቤ የቆሙ መሰለኝ። በቃ፣ እውነተኛው ይሄ ነው አልኩ። ልሞክረው እንኳ አላሰብኩም፤ እርስዎ ሞክረው ያውቃሉ? እጄ ያውቀዋል ይሉ የለም? እንደ እርስዎ ጣሳውን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ አስቀምጬ፣ ደህና አድርጌ ነቅንቄ፣ ቀረብ ብዬ አርከፈከፍኩት።

ብረትን ሲነክስ ቀለሙን አጥብቆ ይይዛል፤ ፕላስቲክን ሲነክስ ግን ይበላዋል። ይህን የማያውቅ የቀለም ቀቢ ልጅ ብቻ ነው። አንድ ደቂቃ አልሞላውም፤ ዓይኔ እያየ የመርከቧ ሆድ እንደ ፈላ ወተት ቆዳ ተጨማደደ። ክው አልኩ። ማስኩ ውስጥ የራሴ ትንፋሽ ብቻ ይሰማኛል። የተረፍኩት እርስዎ ባስለመዱኝ ነገር ነው፤ ሁልጊዜ ከማይታየው ጀምሪ ይሉኝ ስለነበር ገልብጬ ከታች ነበር የጀመርኩት። ከላይ ያለው፣ የባለቤታቸው እጅ ያረፈበት ሁሉ፣ አልተነካም። ከላይ ጀምሬ ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልዎት ሰው አይኖርም ነበር፤ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ነበር።

ምን አደረግሽ ይሉኝ ይሆናል። ደበቅኳት። የማንም እጅ ከማይደርስበት ቁምሳጥን ውስጥ አስገብቼ ቆለፍኩ። ከእኔ በፊት የነበረችው ልጅ የአንድ አውሮፕላን ክንፍ ሰብራ በዚያው ሳምንት ነው የተሰናበተችው። በማግስቱ መካኒኩ መጡ። እስቲ ልዳስሳት ሲሉኝ ቀለሙ አልደረቀም፣ እጅዎን ይነካል አልኳቸው። ዓይን ያወጣ ውሸት! ምንም ቀለም አልነበራትም። ምስጋናቸውን ሰጥተውኝ ሄዱ። በብርጭቆ ወረቀት ልጬ፣ ስቱኮ ሞልቼ ብቀባው ማንም አያየውም ነበር፤ እሱን አውቃለሁ። ግን እኚህ ሰው በዓይናቸው መቼ ያያሉ? በጣታቸው ነው የሚያዩት። ሃያ ሁለት ዓመት ሞተር በመዳበስ የኖረ ጣት አንዲት ጉብታ አታመልጠውም። ጉብታውን ሲያገኙት የሚሆነው ፊታቸው ታየኝ።

አርብ ጠዋት ሲመጡ ቁምሳጥኑን ከፍቼ መርከቧን አወጣሁና፣ ገልብጬ፣ አመልካች ጣታቸውን ይዤ የተበላሸው ላይ አሳረፍኩት። እኔ ነኝ ያበላሸሁት፣ ትናንትም ዋሽቼዎት ነው አልኳቸው። ጣታቸው ሁለት ጊዜ ሄዶ ተመለሰ። ከዚያ ምን ረጨሽበት ብለው ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። እኔም አዲስ ሳለሁ ያልሆነ ዘይት ሞልቼ መርከቧን ከነሰዉ ባሕር ላይ አቁሜያታለሁ፤ ያንቺ ቢያንስ ማንም አልሰጠመበትም አሉኝ። ሚሊሜትር በሩ ላይ ቆሞ ሁሉን ሰምቶ ኖሯል። የመኪናውን ፕራይመር አንስቶ ወደ ጓሮ መጋዘን ወሰደው፤ እስካሁንም ስለ እኔ ምን እንዳሰበ አላውቅም፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ሊያሰናብተኝ የመጣ ይመስለኛል።

ባለቤታቸው ምንም የማይጥሉ ሴት ኖረዋል። ክፍሎቹ የተቆረጡበትን ባዶ ፍሬም እንኳ በክር አስረው ካርቶኑ ሥር አስቀምጠውታል። መካኒኩ በዚህ እንሞክር አሉ፤ ፕላስቲኩ ያው የመርከቧ ነዋ። ከፍሬሙ ሦስት ቁራጭ ቆርጬ በሦስት ዓይነት ፕራይመር፣ ከአንድ ስንዝር ርቀት፣ በስሱ ብቻ እየረጨሁ አሰለፍኳቸው። እሳቸው ማስክ አድርገው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ከደረቀ በኋላ እየዳበሱ በጥፍራቸው ይፍቁት ጀመር። አንደኛው ተላጠ። ሁለተኛው ያዘ፣ ግን ሻካራ ነው፣ አቧራ ይሰበስባል አሉ። ሦስተኛውን ደጋግመው ዳበሱትና ለመርከቧ ይህችን ስጧት አሉ፤ ያችው እኔ የናቅኳት፣ ሽታ የሌላት ናት። እንዲህ ሆኖ ፕራይመሩን የመረጡት ዓይነ ስውር እንዳይሆኑ የሚፈሩት ሰውዬ ናቸው፣ ሁለት ዓይን ያላት ልጅዎ አይደለችም።

ቅዳሜ የተበላውን ሆድ አስተካክዬ ፕራይመሩን ሦስት ጊዜ በስሱ ረጨሁ። እያንዳንዱን ጊዜ ትንፋሼን ይዤ እጠብቃለሁ፤ አሁን ተጨማደደ፣ አሁን ፈነዳ እያልኩ። ሰኞ ሆዷን ቀይ አድርጌ በፕላስተር ሸፍኜ ላይኛውን ግራጫ ቀባሁ። ግራጫውን ያገኘሁት አምስት ጣሳ በፍሬሙ ቁራጭ ላይ ከሞከርኩ በኋላ ነው። ሚሊሜትር ራሱ ያችን የተላጠች ቀለም በወረንጦ ይዞ መስኮቱ ጋ፣ መብራቱ ሥር፣ ደጅ ፀሐይ ላይ አስጠግቶ አየው። ልክ ነው አለ። እሱ ልክ ነው ካለ ልክ ነው።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ መካኒኩ መጡ። ከቀጠሮው አንድ ቀን በፊት መሆኑ ነው። መርከቧን መስኮቱ አጠገብ አስቀመጥኳት። ጎንበስ አሉ፣ ጭንቅላታቸውን በግራ ዘንበል፣ በቀኝ ዘንበል አደረጉ። እጄን አጣምሬ ቆሜያለሁ። ብዙ ቆይተው ቆንጆ ናት አሉ። ከዚያም ቀስ ብለው፣ ሊያስቀይሙኝ እንዳልፈለጉ ሁሉ፣ ግራጫው ግን ትንሽ ጠቁሯል አይደል አሉኝ።

አባቴ፣ አልጠቆረም። ፀሐዩ መርከቧ ላይ ቀጥ ብሎ ያበራል። ያችን የቀለም ቁራጭ ጎኗ ላይ ባስጠጋት ጠፍታ ትቀራለች። የጠቆረው ሌላ ነገር ነው፤ ካለፈው አርብ ወዲህ በአራት ቀን ውስጥ የጠቆረ። እሳቸው አላወቁም፣ ወይም አውቀው፣ ዓይንዎ አይደለም የሚላቸው ፈልገው ነው የጠየቁኝ። ሚሊሜትርን አየሁት፤ ልኩ ሲዛባ ሕመም የሚሰማው ሰው፣ ቁራጯ በእጁ ናት፣ አፉም ተከፍቷል። ከዚያ ዘጋው፤ ቁራጯንም ቀፎዋ ውስጥ መለሳት።

አዎ፣ ትንሽ አጥቁሬዋለሁ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ አልኳቸው። ፊታቸው ሲፈታ አየሁ። ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ግድ የለም፣ ሥራ ነው፣ ይለመዳል አሉ። የክብሪት ቀፎውን ኪሳቸው ከትቼ፣ መርከቧን እንደታቀፉ በር ድረስ ሸኘኋቸው፤ ደረጃው ጋ ክንዳቸውን ይዤ ሦስት እርከን ነው አልኳቸው።

ትናንት ቀዶ ጥገናው ተደርጎላቸዋል፤ ልጃቸው ደውላ ደህና ወጥተዋል ብላናለች። ዓይናቸው በፋሻ ታስሯል፣ የሚፈታው ሰኞ ነው። ከዛሬ እስከ ሰኞ ያለውን ቀን እንዴት እንደምገፋው አላውቅም። ዓይናቸው ከበራ መርከቧን አምጡልኝ ማለታቸው አይቀርም። ያን ጊዜ ግራጫው ጠቁሮ እንዳልነበረ ያያሉ፣ ያችንም ቁራጭ አስጠግተው ፊታቸው ቆሜ የዋሸኋቸው መሆኔን ያውቃሉ። አባቴ፣ ውሸቴ እንዲጋለጥብኝ እንዲህ ለምኜ አላውቅም።

እርስዎ ቢሆኑ ምን ይሉ ነበር? እውነቱን ይጻፉልኝ። የሥራዎን ስም ማበላሸቴን ይቅር ይበሉኝ።

እናቴን በሁለቱም ጉንጮቿ ይሳሙልኝ፤ ለአንድ ሽማግሌ ዓይን ጸሎት ታድርግ፣ ከሰኞ በፊት ይሁን ብላለች ይበሏት። እትዬን ከነልጆቿ፣ በተለይ ያችን ጉንጮ፣ ሰላም ይበሉልኝ፤ ትንሽ የፕላስቲክ ጀልባ አስቀምጬላታለሁ፣ ቀይ ይሁን ሰማያዊ መርጣ ትላክልኝ። ታናሽ ወንድሜ ጋራዥ ሲረጭ ማስኩን ከአንገቱ ላይ ሳይሆን ከአፉ ላይ ያድርግ። የላሜራ ሠራተኛውን ወዳጅዎን፣ ጎረቤቶቻችንንም አንድ በአንድ እንደምን አላችሁ ትላችኋለች ይበሏቸው።

እጅዎን የምትስም ልጅዎ

ከሱቁ ጀርባ ካለችው የቀለም ክፍል፣
ሐሙስ፣ መጋቢት ፲፪ ቀን