ሳይበርድ የተመዘነ አፈር

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

በማጸዳው የአፈር ላብራቶሪ ሃያ ሁለት ጽዋ አጠብኩ። አፈር የሚቃጠልባቸው ትንንሽ የሸክላ ጽዋዎች። ልጄ ከሞተች ሁለት ወሯ። እሷ ትሠራበት በነበረው ወንበር ላይ አዲሱ ሠራተኛ ተቀምጧል። "እትዬ፣ ሻይ ላምጣልዎት?" አለኝ። ደግ ነው... ምነው ክፉ በሆነልኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

ኃላፊው ለአዲሱ ሲነግረው ሰማሁ። "የሟቿ ቁጥር አይታመንም። አቃጥላ ስትመዝነው የአፈሩ ብስባሽ በዝቶ ወጣ፤ ያንኑ አፈር በኬሚካል ስንሠራው ግን በጣም ያንሳል። ቸኩላለች። ሥራዋን ሰርዘው፣ ስሟንም ከሪፖርቱ አውጣ።"

መጥረጊያ ይዤ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። አላየኝም።

እሷ ቸኩላ? ጫማዋን ለማሰር እንኳ ስንት ሰዓት... "ነይ እንጂ አንቺ ቀንድ አውጣ!" ስላት ትስቅ ነበር።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

የቸኮልኩት እኔ ነኝ።

በመጨረሻው ሰሞን ሕመሙ ጸንቶባት መቆም አቃታት። እሷ ተቀምጣ፣ እኔ ጽዋውን ከምድጃ እያወጣሁ መዘንኩላት። አፈሩ ሳይቃጠል ይመዘናል፣ ተቃጥሎም ይመዘናል፤ የጎደለው ብስባሹ ነው።

"እማ፣ በደንብ ይብረድ። ትኩሱን ሚዛኑ አሳንሶ ያሳያል።"

"እሺ፣ እሺ።"

ከንፈሯ ደርቋል። ቶሎ ቤት ላስገባት ብዬ... አላበረድኩትም። ቁጥሩን ነገርኳት፣ ጻፈች። አመነችኝ።

ሦስቱንም ቀን በጊዜ ገባን። ምን ጠቀማት?

ብናገር ያባርሩኛል። ዝም ብልስ?

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

ለኃላፊው ነገርኩት።

"አንቺ ሚዛን ነካሽ? የጽዳት ሠራተኛ አይደለሽም እንዴ!"

"ነኝ። ሦስት ቀን መዘንኩ። እሷ አልተሳሳተችም።"

ፊቱን አዞረ። የተረፈው አፈር በከረጢት ስላለ፣ አቃጥለው፣ አብርደው እንዲደግሙት ለመንኩት። እግሩ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

አዲሱ ደገመው። ጽዋዎቹን ክዳን ባለው የመስታወት ዕቃ ውስጥ አስቀምጦ እስኪበርዱ ጠበቀ። እኔ ኮሪደር ላይ። ወጥቶ "እትዬ፣ ከኬሚካሉ ጋር ገጠመ" አለኝ።

ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። የጠረግኩትን ኮሪደር መልሼ ጠረግኩት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

ላብራቶሪ እንዳልገባ ተከለከልኩ። ግቢ እጠርጋለሁ። አዲሱ ሪፖርቱን አምጥቶ አሳየኝ። ስሟ አለ። ከሥሩ "የመጀመሪያው ልኬት በሚዛን ብልሽት ተሳስቶ ነበር" ይላል።

"ኃላፊው ነው እንዲህ ይሁን ያለው" አለኝ። "ለእርስዎ አዝኖ ነው።"

ሚዛኑ ደህና ነበር። እኔ ነኝ።