ከፊልሙ ውስጥ የታጣው የአባዬ ድምፅ

ይድረስ ለእታለሜ ለሠርኬ፤ ባለሽበት ቤሩት።

እንደምን ከርመሻል? ከራስ ጠጉርሽ እስከ እግር ጥፍርሽ ደኅና ነሽ ወይ? ያ ወገብሽስ ተሻለሽ? እመቤትሽ እንደ ድሮዋ ናት ወይስ ትንሽ ልብ ገዛች? እህልስ ይበላልሻል? እኛን ካልሽ፣ አለን ለማለት ያህል አለን። እማዬ ጥቁሯን እንደለበሰች ናት። እኔም መዶሻዬን ይዤ ምናለሽ ተራ ውዬ እገባለሁ። ቆርቆሮው ያው ቆርቆሮ ነው፣ ጫጫታውም አልቀነሰም፤ የአባዬ መቀመጫ ብቻ ባዶዋን ትውላለች። ደንበኛ መጥቶ ሊቀመጥባት ሲል እንዴት እንደምቆጣ ብታዪ ትስቂብኝ ነበር።

በወረቀት የምጽፍልሽ ስልክ ስለማታነሺ ነው። አልተቀየምኩሽም ብዬ አልዋሽሽም፤ ተቀይሜሻለሁ። በድሪያ ለእረፍት መጥታ ከርማ አሁን ተመላሽ ስለሆነች በእጇ ልኬልሻለሁ። እስክትከፍቺው ድረስ ከበራፍሽ እንደማትነቃነቅ በአላህ ምላልኛለች። መርዶውን እዚያው ቤሩት በጠዋት መጥታ ያረዳችሽም እሷ ስለሆነች የሆድሽን ታውቃለች።

የአርባው ዕለት የሆነውን ልንገርሽ። ተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን ጸሎቱ ተደርሶ፣ ዘመድ አዝማዱ ቀምሶ ነፍስ ይማር ብሎ ከተበተነ በኋላ የግቢው ሰው ብቻ ቀረ። እማዬ አቀርቅራ ቆይታ ድንገት ቀና አለችና ያንን ፊልም ክፈቱልኝ አለች። ቴሌቪዥናችን አባዬ ካረፈ ጀምሮ ነጠላ ለብሶ ፊቱን ወደ ግድግዳ እንዳዞረ ነው፤ እሱም ሐዘን የተቀመጠ ይመስል ነበር።

እትዬ አመተ ሥላሴ ደረታቸውን መቱ። እንኳን በአርባው በሙት ዓመቱም ቢሆን ለቅሶ ቤት የሳቅ ፊልም ተከፍቶ አያውቅም፣ የሰው አፍ ምን ይለናል አሉ። እማዬ ልስቅ አይደለም፣ ድምፁን ልሰማው ነው አለቻቸው። እውነቷን እኮ ነው። ፎቶው ግድግዳው ላይ አለ፤ ፎቶ ግን አይናገርም። ያ መዶሻ ሲወርድ እንኳ የማይሸፈን ድምፁ የትም አልተቀረጸም። ስልኩም አባዬ አልጋ ላይ ከመዋሉ በፊት አብነት ላይ ታክሲ ሲጋፋ ተመንትፎ ከነያዘው ቀርቷል። ድምፁ ያለበት ያ ያረጀ ፊልም ብቻ ነው ብለን ነበር፣ ሁላችንም።

መቼም አልረሳሽውም። ስሙን ሰፈሩ ረስቶት «የሽማግሌዎቹ ፊልም» የሚለውን። ልጁ የሚወዳትን ልጅ ለማስጠየቅ ሦስት ሰው ከጠላ ቤት ለቅሞ፣ የጥጥ ጢም ለጥፎ፣ ሽማግሌ ብሎ ይልካል፤ እነሱ በር ተሳስተው ባሏ የሞተባትን ጎረቤት ይጠይቃሉ፤ ሴትዮዋም ወዲያው እሺ ትላለች። ከዚያ በኋላ ፊልሙ በሙሉ ያቺን እሺ ለመመለስ መሯሯጥ ነው። አባዬ ሦስተኛው ሽማግሌ ነው። በሩ ላይ ቆሞ «እሺ ሳትሉን አንቀመጥም!» ይልና፣ እሺ ሲባል የእንቁላል ቅርጫት ላይ ቁጭ ይላል፤ ሌላ ንግግር የለውም። በየእንቁጣጣሹ የግቢው ሰው ቤታችን ተጠቅጥቆ፣ ያቺ ቦታ ስትደርስ አባዬ ከፊልሙ ቀድሞ ተነሥቶ ንግግሩን ጮኾ ይል ነበር። አንቺም አባዬ ዝም በል እንስማህበት ትይው ነበር። እሱ ደግሞ ይብስበት ነበር፤ የዝና ፍቅር አለበት እያልን ነበር የምናማው።

ከዚያ አንቺን የሚጠይቁ የቶላ ሽማግሌዎች መጡ። አባዬ ተሸካሚ ለልጄ አይሆንም ብሎ ሦስት ጊዜ መለሳቸው፤ ቆመው መጡ፣ ቆመው ተመለሱ። ሰፈሩ በፊልም ሽማግሌ ሆኖ በቤቱ ሽማግሌ መለሰ ብሎ ሲያማው እሱም ሰምቷል። አንቺ ሻንጣሽን ይዘሽ ከወጣሽ በኋላ ፊልሙ ቤታችን ተከፍቶ አያውቅም። ካሴቱን ሳጥን ውስጥ ቆለፈበት። ደግነቱ ስልክ ጠጋኙ ሁዛይፋ ድሮ በፍላሽ ገልብጦት ኖሮ፣ ሮጦ አመጣልን።

ጥቁር የለበሰ ሰው በሙሉ ከንፈሩን ነክሶ የሳቅ ፊልም ሲያይ አይተሽ አታውቂም። ሽማግሌዎቹ ጠላ ሲጠጡ የአንዱ ጢም ጽዋው ውስጥ ሲቀር፣ ድሮ ሰው የሚንፈራፈርበት ቦታ፣ ማንም ትንፍሽ አላለም። እትዬ አመተ ሥላሴ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፤ እያለቀሱ ይሁን እየሳቁ አልጠየቅሁም። ያቺ ባሏ የሞተባት ሴትዮ ተኳኩላ ብቅ ስትል ደግሞ ሁሉም ሰው እማዬን ሰርቆ አየ። እማዬ ዓይኗን አልነቀለችም። ያኔ አባዬ ገባ። ሠርኬ፣ እንዴት ወጣት ነበር! ከዚያ ጥጥ በታች ያለው ጉንጭ ያንቺው ጉንጭ ነው። እማዬ በጉልበቷ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋች።

አፉን ከፈተ፤ የወጣው ድምፅ ግን የእሱ አልነበረም። ቀጭን፣ ዜና የሚያነብ የሚመስል የማላውቀው ሰው ድምፅ ነበር። እማዬ ዞር ብላ ይሄ የማነው አለች። ፊልሙ ተመልሶ ተከፈተ፤ ያው ነው። ስንት ዓመት ስናየው አባዬ ሁልጊዜ ስለሚጮህበት ያንን ድምፅ ሰምተነው አናውቅም ነበር።

በመጨረሻ በፊልሙ አንደኛው ሽማግሌ የነበሩት ጋሼ ይገረም አንገታቸውን ደፍተው ተናገሩ። ቀረጻው እዚሁ ሰፈር ስለነበር የምናለሽ ተራ መዶሻ ድምፁን አበላሽቶት፣ ተዋንያኑ ኋላ ስቱዲዮ ገብተው ንግግራቸውን እንደ አዲስ እንዲሞሉ ተጠርተው ነበር አሉ። አባዬ በቀጠሮው አልተገኘም። አንቺ ገና ድክ ድክ የምትይ ነበርሽ፣ ኩፍኝ ጥሎሽ አቅፎሽ ሐኪም ቤት ነበር የዋለው። በእሱ ቦታ ሌላ ሰው ሞላበት። ለማንም እንዳትናገር ብሎ አስምሏቸው ነበርና እስካሁን ሆድ ይፍጀው ብለው ዝም አሉ። ለካስ ያ ሁሉ ጩኸት ያንን ሰው እንዳንሰማው ኖሯል። እኔ ደግሞ የዝና ፍቅር እለው ነበር።

እማዬ አጥፉት አላለችም፤ ድምፁን ብቻ ቀንሱት አለች። አባዬ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ እንቁላሉ ላይ ተቀመጠ። ሁዛይፋ ሊያጽናናት ብሎ እንደ አባዬ አድርጎ ሊጮህ ሞከረና መሃል ላይ ድምፁ ተሰበረበት። ተወው ልጄ አለችው። ቴሌቪዥኑን ነጠላውን ራሷ መልሳ አልብሳው ተኛች። ከዚያ ወዲህ እህል የምትቀምሰው ስንለምናት ነው። ድምፁ እየጠፋብኝ ነው ትለኛለች፤ ጠዋት ስትነሣ ልታስታውሰው ሞክራ ያ የዜና አንባቢው ድምፅ እየመጣባት ታለቅሳለች። እኔም እንደዚያው ሆኛለሁ፣ ግን አልነገርኳትም።

በማግስቱ ሁዛይፋ ሱቁ ድረስ ጠራኝ። አባዬ ስልኩ ከመሰረቁ በፊት እሱ ጋ ይዞት እየመጣ በዋትስአፕ ድምፅ ይልክልሽ ነበር። እኔንም እማዬንም እንዳትነግር ብሎታል፤ ምስጢር ሲወድ መቼም ታውቂዋለሽ። ሁዛይፋ ማይኩን ይጫንለትና ራሱ ከሱቁ ይወጣል፤ ስለዚህ ምን እንዳለሽ አያውቅም። በየቀኑ ግን እየመጣ ከፈተችው ወይ ይለዋል፤ ሁዛይፋም መሰማቱን የሚያሳየውን ምልክት አይቶ ገና ነው፣ ጋሼ ይለዋል። እንግዲህ የአባዬ ድምፅ በዚህ ምድር ላይ ያለው አንቺ ጋ ብቻ ነው። አጥፍተሽው ከሆነ ለእማዬ ምን እንደምላት አላውቅም።

አንድ ነገር ግን ሁዛይፋ ነግሮኛል፤ እሱን ካወቅሁ ወዲህ መዶሻው ከእጄ ይወድቃል። ሲልክልሽ ቆሞ ነበር። ያ ጉልበቱ እየተንቀጠቀጠ፣ ያ ሳል እያጣደፈው፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ። ሁዛይፋ ከመውጣቱ በፊት ወንበር አቅርቦ ኧረ ጋሼ ይቀመጡ ቢለው፣ እሺ ሳትለኝ አልቀመጥም አለው። ሁዛይፋ በፊልሙ የሚቀልድ መስሎት ስቆ ነበር፤ ቀና ብሎ ሲያየው ግን እያለቀሰ ነው። አንድም ቀን ሳይቀመጥ ነው የሄደው።

የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም፤ ስለቶላም ሆነ ስለሻንጣሽ አልወቅስሽም። በዳይ እሱ ነበር፣ ሊታረቅሽ ሽማግሌ ሆኖ የመጣውም ራሱ ነው። ክፈቺው። መጀመሪያ ብቻሽን ስሚው፣ ከዚያ ለእማዬ ላኪላት።

እትዬ አመተ ሥላሴ ሠርኬን ጉንጯን ሳምልኝ ብለዋል። ጋሼ ይገረም ይቅርታ ጠይቅልኝ ብለዋል፤ ስለምኑ እንደሆነ እሳቸውም አያውቁትም። ሁዛይፋ ሰላም ይልሻል። ቶላም ሰላም በላት ብሎኛል፤ ድንኳኑን ሲተክል ሲነቅል የዋለው እሱ ነበር። እስካሁን አላገባም፤ ስለአንቺ አልጠየቀኝም፣ እኔም ስለድምፁ አልነገርኩትም። እማዬ በፍቅር ትስምሻለች። ደብዳቤውን ስጽፍ አጠገቤ ናት፤ የድምፁን ነገር ስለነገርኳት፣ አባትሽን እሺ በይው በላት ብላኛለች።

ወንድምሽ አስናቀው
መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ
ኅዳር 9 ቀን 2015 ዓ.ም.