ለያልጋነሽ ዓይን ያበሰልሁት ዓሣ

እሑድ

አልበላችውም። ከሥራ ወጥቼ፣ ገበያ ገብቼ፣ እስከ ቅርብ ጊዜ ሽንኩርት እንኳ ልጬ የማላውቀው ሰውዬ ስንጎዳጎድ አምሽቼ ያበሰልሁትን ዓሣ፣ ባለቤቴ ያልጋነሽ በጣቷ ነካ ነካ አድርጋ ሳህኑን ወደኔ ገፋችው።

«ቆዳ የለውም» አለች።

«ተገፎ ነው የሚሸጠው» አልኋት።

«ቆዳ ከሌለው ቅርፊት እንደነበረው በምን አውቃለሁ?»

ክንፍና ቅርፊት የሌለው ዓሣ በኦሪት ሕግ እኛ ዘንድ አይበላም፤ በዚያስ ልክ ናት። ማሸጊያውን አመጣሁላት። የዓሣው ስም ማሂ ማሂ ይላል፣ የራቢው የይበላል ማኅተምም አለበት። እሷ ግን ማኅተሙን የት አይታ! «እንግዲያው ማኅተሙን አንተ ብላው» አለችኝና ዳቦ በሻይ በልታ ተነሣች።

ተናድጃለሁ። ሞራ ዓይኗን ከጋረደው ወዲህ፣ በተለይ የፈላ ውሃ እጇ ላይ ካፈሰሰች ወዲህ፣ ማጀቱ እኔ ላይ ወድቋል። ባለፈው ወር ሞራው ሊነሣላት ሐኪም ቤት ተኝታ ነበር። ልብስ ቀይራ፣ ጠብታ ገብቶላት፣ ደም ግፊቷን ሲለኩት ከፍ ብሎ ተገኘና «በዚህ ግፊት ዓይን አንነካም» ብለው መለሷት። ቤት ገብታ ነው ያለቀሰችው።

ግፊቱ ካልወረደ ዓይን የለም። ነገሩ ይኸው ነው። እዚህ አገር ኩፓት ሖሊም በሚሉት የጤና መድን ክሊኒክ ያለችው የምግብ አማካሪ፣ ዲየታኒት የሚሏት ልጅ፣ ጨው አይነካ፣ ቅቤ ይቅር፣ በዘይት የተጠበሰ ይቅር፣ ዓሣ ይብሉ አለች። ማሂ ማሂንም የመረጠችው እሷ ናት። ስቡ ትንሽ ነው፣ ሥጋውም እንደ ዶሮ ጠንከር ይላል፣ አጥንቱ አያስቸግርም አለችን። አጥንት ማየት ለማይችል ሰው ይኼ ትልቅ ነገር ነው።

የተገፋውን ሳህን እኔው ጨረስሁት። ደርቆ ነበር።

ሰኞ

የምሠራው ወደቡ በር ላይ በጥበቃ ነው። ከፈረቃዬ እንደወጣሁ ዓሣ አጥማጆቹ ጋ ሄድሁ። ሺሞን የሚባል ሞሮካዊ አውቃለሁ፤ ጠዋት ጠዋት ሰላም እንባባላለን። ማሂ ማሂ አለህ ወይ ብለው ሳቀብኝ። እኛ ላምፑካ ነው የምንለው፣ ከበዓላቱ በኋላ የምናወጣው እሱን ነው፣ ሱፐርማርኬት ውስጥ ስሙን አሳምረው ይሸጡልሃል አለኝ።

እንዲህ ያለ ዓሣ አይቼ አላውቅም። ግንባሩ ቀጥ ብሎ የወረደ፣ የተቆጣ ዳኛ የሚመስል፤ ጀርባው አረንጓዴ፣ ጎኑ ወርቅ። ሺሞን ሆድ ዕቃውን አወጣልኝና ጭንቅላቱን ልቁረጥ ወይ አለ። እንዳትነካው አልሁት። ጅራቱ ከፌስታሉ ወጥቶ አውቶቡስ ውስጥ ሰዉ ሁሉ እያየኝ እስከ ሰፈራችን ሮቫ ዩድ ደረስሁ። ቤት ስገባ ወርቁ ጠፍቶ ግራጫ ሆኗል። ያልጋነሽ ባለማየቷ ለዛሬ ብቻ ደስ አለኝ።

ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁላት። በጥፍሯ ከጅራቱ ወደ ራሱ ጫር ጫር አደረገች። ጣቷን በጣቷ አሸት አሸት አደረገች። ደግማ ሌላ ቦታ ጫረች።

«አለው» አለች። «ደቃቅ ነው እንጂ አለው።»

አንድ ነገር ተቃና ብዬ ደስ ሲለኝ ሁለተኛው መጣ። እጠበው አለች። እንደ ዶሮ። በሎሚና በጨው እያሹ፣ ውሃ እየለወጡ፣ ጠረኑ እስኪጠፋ። ስንት ውሃ እንደደፋሁ እኔ ነኝ የማውቀው። በመጨረሻም «በሎሚና በጨው ዘፍዝፈህ አሳድረው» አለች። ጨው መሆኑ ትዝ ብሎኝ ነበር። ግን ታጥቦ ይወጣል አለችኝ፤ እሷ ካለች ልክ ነው ብዬ ዘፈዘፍሁት።

ማክሰኞ

ጉድ ሆንሁ። ጠዋት ክዳኑን ስከፍተው ዓሣው እሳት ሳያየው በስሏል። ነጭ፣ ድርቅ ያለ፣ ሲነኩት የሚፈረፈር። ቀቅዬ ሞከርሁት፤ የባሰ ጎማ ሆነ። ቀመስሁት፤ የሙት ባሕር ውሃ ነው። ለሷ ሳላቀርብ ለሰፈሩ ድመቶች ሰጠኋቸው። አንዷ ድመት እንኳ አሽትታ ሄደች።

ማታ ስንዱ ከጦር ሠፈሯ ደወለች። የመጨረሻ ልጃችን ናት፤ እዚህ ነው የተወለደችው። ስነግራት ስልኩ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች።

«አባዬ፣ ዓሣ እኮ ዶሮ አይደለም! በቀዝቃዛ ውሃ አንዴ ታለቀልቀዋለህ፣ በወረቀት ታደርቀዋለህ፣ ዜሁ! ሎሚውን ሳሕን ላይ ነው የምትጨምቀው።»

ዜሁ ማለት አለቀ ማለት ነው። ለሷ ሁሉም ነገር ቶሎ ያልቃል። «እማዬስ እንዴት ናት?» ስትል ያልጋነሽ ስልኩን ተቀብላ «አባትሽ በአንድ እግሩ ቆሟል» አለቻት። መኩራቷ ይሁን መቆጨቷ አልለየሁም።

ረቡዕ

ዛሬ ተሳካልኝ! ሺሞን ከሰኞው አነስ ያለ ሰጠኝ። ቅርፊቱን እሷ በጥፍሯ መረመረች፣ አለፈ። አንዴ አለቀለቅሁ፣ አደረቅሁ። የብር ወረቀት ላይ ቲማቲም በስሱ ቆርጬ አነጠፍሁ፤ ዓሣውን በላዩ፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ጥቁር አዝሙድ፤ የዘይት ጠብታ እንደ ዓይን መድኃኒት። ጠቅልዬ ምድጃ ውስጥ ከተትሁት። ቶሎ ነው የሚበስለው፤ የመጀመሪያውን ያደረቅሁት ዶሮ መስሎኝ ብዙ አቆይቼው ነው። ስከፍተው እንፋሎቱ ፊቴን መታኝ፣ ሥጋው በሹካ ቅጠል ቅጠል እያለ ይነሣል።

በላች። ግማሹን። «ለስላሳ ነው» አለች፤ ቀጥላም «ጭድ ነው ግን» አለች።

አገር ቤት የበኩር ልጃችንን ወልዳ እንደ ሕጋችን ከሰው ተለይታ በአራስ ጎጆ ሳለች፣ ሴቶቹ ያበሰሉትን ይዤ ጎጆውን እስከከበበው የድንጋይ አጥር እሄድ ነበር። እዚያ አስቀምጬ እመለሳለሁ። ይዤ መሄዴ እንጂ ምን እንደበላች፣ ጣፈጣት አልጣፈጣት፣ ጠይቄ አላውቅም። አሁን ማንኪያ ባነሣች ቁጥር ዓይን ዓይኗን አያለሁ። አብሳይ መሆን ክፉ ነገር ነው።

ዓርብ

ሐሙስ በምጣድ ደረቁን፣ በእርድና በሎሚ ሞክሬ ነበር። መጥፎ አልነበረም። ሁለት ጉርሻ ወስዳ ጠገብሁ አለች። ከስታለች።

ዛሬ ግን የሰንበት መግቢያ ስለሆነ ወጥ ይሁንልኝ አለች፤ ዓሣ ወጥ፣ በርበሬ ያለበት። በርበሬ በዲየታኒቷ አልተከለከለም። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት፣ ውሃ ጠብ እያደረግሁ አቁላላሁት። ከያልጋነሽ ማሰሮ በርበሬ ዘግኜ ጨመርሁ፣ ነጭ ሽንኩርት ጨመርሁ፣ ሲበስል ውሃ፣ ዓሣውን መጨረሻ ላይ። ማማሰል የለም፤ ይበተናል። ድስቱን ወዝወዝ ማድረግ ነው።

ጨረሰችው! ጣቷን ላሰች! «ከየት ተማርኸው?» አለችኝ። ሠላሳ ዓመት አብራኝ የኖረች ባለቤቴ እጅህ ይባረክ ስትለኝ ይኼ የመጀመሪያው ነው። መስኮቱን ዘግታ ነው የመረቀችኝ፣ ባሏ ማጀት መግባቱን ጎረቤት እንዳይሰማ።

ቅዳሜ፣ ሰንበት ከወጣ በኋላ

የትናንቱን ቀዝቃዛውን በላች። ደግማ ጠየቀች። የሚበላ ሰው ማየት እንዲህ ደስ የሚል ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር። ነገ ግፊት የምትለካበት ቀን ነው። አልፈራሁም።

እሑድ

ከፍ ብሏል። ከበፊቱም ብሷል።

ነርሷ ሁለት ጊዜ ለካች። ጨው እያስገባችሁ ነው አለች። እኔ ተነሥቼ በአባቴ አጥንት ማልሁ። ማሰሮዬ ውስጥ የጨው ቅንጣት አልገባችም፣ ቤቴን መጥተሽ ፈትሺ፣ ሁሉንም አልሁ። በዕብራይስጥ ስናደድ ቃል ይጠፋኛል፤ ዛሬ ግን ቃሉ ራሱ እየመጣ ነበር። ያልጋነሽ መሬት መሬት ታያለች። ነርሷ ለዓይኗ የተያዘውን ቀጠሮ ልትሰርዘው ስትል ለመንኋትና ሐሙስ አንድ ጊዜ ደግሞ እንለካ አለች። ያኔ ካልወረደ ወረፋው ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ እሷ እንደገና ከመጨረሻው ትጀምራለች።

አውቶቡስ ውስጥ ገብተን ከተቀመጥን በኋላ እጄን ያዘችኝ።

«በርበሬው ውስጥ ጨው አለ» አለች።

«የምን ጨው?»

«በርበሬ ሲሰናዳ ጨው ይገባዋል እኮ። እኔው ነኝ የደባለቅሁት።»

«ታዲያ ዓርብ ለት ለምን አልነገርሽኝም?»

«መጀመሪያ ረስቼው ነው» አለች። «አፌ ሲገባ አወቅሁት። ግን ጣፈጠኝ።»

ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርሁ። በነርሷ ፊት በአባቴ አጥንት ያስማለችኝ እሷ ናት፤ ቀጠሮውም የሷ፣ ዓይኑም የሷ። ልጮህ ነበር። ግን ያ «ጣፈጠኝ» ያለችው ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ስንት ቀን ጭድ ስትበላ ከርማ አንድ ቀን ጣፈጣት። አንጀቴን በላችው።

«ስትምል አፍሬ ልሞት ነበር» አለች። «ነርሷንም አስፈራሃት።» ከዚያ እሷ መሳቅ ጀመረች፣ እኔም አልቻልሁም። ሃኪርያ የሚሉትን ሰፈር እስክናልፍ ስቀናል። ሹፌሩ በመስተዋቱ ያየናል።

ከቤት ስንገባ ግን ቀኑን በጣታችን ቆጠርን። እስከ ሐሙስ ያለው ቀን ትንሽ ነው።

ሰኞ

ዛላ በርበሬ ገዝቼ መጣሁ፤ ጨው ያላየው፣ ደረቅ ዛላ። ያልጋነሽ ወንበር ስባ ማጀቱ ውስጥ ተቀመጠች። እኔ እጅ ነኝ፣ እሷ አፍንጫ ናት።

ፍሬውን አራገፍሁ፣ ለብ ለብ አድርጌ ቆላሁ፣ በኤሌክትሪክ መፍጫው ፈጨሁት። ጢሱ ቤቱን ሞላው። ስናስነጥስ፣ ስንስል፣ ላይኛው ፎቅ ያለው ሩሲያዊ ወርዶ በሩን ደበደበ፣ ጋዝ ፈሰሰ ወይ ብሎ። በርበሬ ነው ስንለው አፍንጫውን ይዞ ተመለሰ።

ከዚያ ቅመሙን አንድ በአንድ አስሸተትኋት። ኮረሪማው አነሰ፤ ጨምር። በሶብላው በቃ። ነጭ ሽንኩርቱን አድርቀህ ነው የምትጨምረው፣ እንዲህ ጥሬውን አይደለም። ሰደበችኝ ማለት ይቻላል። ዓሣውን በዚሁ በርበሬ በጥቂቱ ሠራን። ቀምሳ «ጎዶሎ ነው» አለች። እሳቱን አጥፍቼ ሎሚ ጨመቅሁበት። ደግማ ቀመሰች። «አሁን ይበላል» አለች።

በላች። ጣቷን አልላሰችም፣ ግን ጨረሰች። አሮጌውን የበርበሬ ማሰሮ ራሷ አንሥታ ለጎረቤታችን ስጣት አለችኝ።

ሐሙስ

ወርዷል! ነርሷ ደግማ ለካች፣ እኔም ደግሜ አስለካኋት። ሐኪሙ በስልክ እሺ አለ። ቀጠሮው ጸና።

በመካከሉ የበላችው፦ ማክሰኞ በብር ወረቀት፣ ረቡዕ ዓሣውን ከድንችና ከካሮት ጋር በእንፋሎት። ጭድ የሚለውን ቃል አልሰማሁም። ምላሷ ጨውን እየረሳው ነው ትላለች፤ እኔ ግን ስለ ዓይኗ ብላ ነው የምትውጠው እላለሁ። ሁለቱም ይሆናል።

ማክሰኞ፣ ሌላ ሳምንት

ቀኝ ዓይኗ ተሠራ። ግፊቷን በሩ ላይ ለኩና አስገቧት። ዓይኗን ሸፍነው መለሱልኝ። ዛሬ ያበሰልሁትን እንኳ አላስታውስም።

ረቡዕ

ጠዋት መሸፈኛውን አነሡላት። መጀመሪያ ብርሃኑ አስነጠሳት። ከዚያ ነርሷን አየች፣ ግድግዳውን አየች፣ የነርሷን ጥፍር ቀለም አየች። እኔን መጨረሻ ላይ አየችኝ።

«ሸብተሃል» አለች።

«መቼ እንደሆነ አላውቅም።»

«እኔም አላየሁህም» አለችና እንባዋ መጣ፣ ነርሷ ማልቀስ ክልክል ነው ብላ ተቆጣቻት።

ቤት ስንደርስ ካፖርቷን ሳታወልቅ ማጀት ገባች። ምድጃውን አየችው። የምድጃውን ጀርባ አየችው። ግድግዳው ላይ የተረጨውን በርበሬ አየችው። «በዚህ ውስጥ ነው ያበላኸኝ?» አለች። ማጎንበስ ስለተከለከለች፣ እሷ እያሳየች እኔ ስፈትግ ዋልሁ። ይኼን ያህል ማየት ጥሩ መሆኑን እንጃ።

ከሰዓት በኋላ ዓሣ ይዤ መጣሁ። አንሥታ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችውና ቅርፊቱን በዓይኗ አየችው። ከዚያ ቢላዋውን ከእጄ ወሰደች። እኔም ማድረቂያውን ጨርቅ አስቀምጬ ወደ ሳሎን ልወጣ ተነሣሁ። እፎይ ማለት ነበረብኝ። ግን እውነቱን ለመጻፍ፣ መውጣቱን አልወደድሁትም።

«ወዴት ነው?» አለች።

«ዓይን ካገኘሽ እንግዲህ...»

«ግራው ገና ነው» አለች። «በዚህ በኩል ቁም።»

በግራዋ በኩል ቆምሁ።