ማሽኑ ላይ ያደረው ባሩድ

ኮርቢን፣

እህትህ ዴላ መኪናው ውስጥ ሆና ክላክስ ታስጮህብኛለች፤ ወደ አደኑ ልንወጣ ነው።

ባዶ ቀለህ ውስጥ ባሩድ የምንሞላበት ማሽን ላይ ባሩድ አሳድረህ አገኘሁ። የባሩድ ጣሳዎቹን ሁሉ መልሰህ ደርድረሃቸዋል፤ ከየትኛው እንደወጣ በምን ልወቅ? ዓይነቱ ያልታወቀ ባሩድ ጠመንጃውን ፊት ላይ ያፈነዳል። አውጥቼ ጽጌረዳው ሥር ደፋሁት። አትቆጣ።

ማሽኑን በደረቅ ጨርቅ ወልውለህ ዘይት ጠብ አድርግበት። ጠብ ነው ያልኩህ! እንደ ባለፈው ካጥለቀለቅከው ባሩዱ ይበላሻል።

በአንዴ አምስት ጥይት እያዞረ የሚሞላውን አዲሱን ማሽን ካልገዛሁ ሞቼ እገኛለሁ ካልክ ግዛ። የአባታችሁ አሮጌ ማሽን ግን ከቦታው አይነሳም። አንድ በአንድ ቢሞላም፣ አንተ ስልክ ስታወራ ቆሞ ይጠብቅሃል።

እሁድ “እጅህ አይታመንም” ያልኩህን...
ተወው። ፍሪጅ ውስጥ የአጋዘን ቋሊማ አለ፤ ብላው።

ለአደኑ የሞላህልኝን ጥይት ይዤ እስከ በሩ ወጥቼ ነበር። መልሼ መሳቢያው ውስጥ አስቀመጥኩት። የያዝኩት ከሱቅ የተገዛ ነው።

ዴላ ስትጠይቀኝ ግን፣ “ወንድምሽ የሞላውን ነው የያዝኩት” አልኳት።

የእህትህ ባል፣ ኤልደን