የጌሙ ሳጥን ቡሹሎ ነው

ኅዳር 4፣ ረቡዕ ማታ
ዛሬም የሽቦ መበየጃ ካውያ፣ ዛሬም ጭስ። ስክሪኑ ብልጭ አለና ጠፋ። መብራት አልሄደም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።

ክቡር ደብተሬ ሆይ፣ ለታሪክ መዝግብ። ታቦር ተራራ ሥር፣ አንድ ሰርቪስ ቤት ውስጥ፣ የከተማችን ብቸኛው የጌም ማሽን ሙዚየም ይገኛል። ዳይሬክተር፦ እኔ። ዘበኛ፦ እኔ። ጎብኚ፦ ባለቤቴ ብርቄ፣ ያውም መጥረጊያ ፍለጋ። “ሰው በዚህ ዕድሜው መሬት ይገዛል፣ አንተ የተቃጠለ ቴሌቪዥን ታስታምማለህ” ብላ ወጣች።

ቴሌቪዥን አይደለም! ሐይቁ ዳር፣ ሆቴሉ በረንዳ ላይ፣ ሳንቲማችንን እየዋጠ ያሳደገን የአውሮፕላን ጌም ነው። ሆቴሉ ሲዘጋ ሆድ ዕቃውን አተረፍኩ፤ ቦርዱን፣ ስክሪኑን፣ ሁለቱን እጀታ። የእንጨት ሳጥኑን ግን ቆራሌው ቀደመኝ። ያለ ሳጥን ምኑ ጌም ነው? ቆዳው የተገፈፈ በግ።

ኅዳር 6፣ ዓርብ
ተገኘ! ያየ ሰው ነገረኝ፤ ከከተማው ዳር፣ ቡሹሎ፣ ቸርች ውስጥ። ነጭ ቀለም ተቀብቶ፣ መስቀል ተስሎበት፣ የመስበኪያ አትሮንስ ሆኗል። ማይኩ የተተከለው በእጀታው ቀዳዳ። መጽሐፍ ቅዱሱ የተዘረጋው የጠላት አውሮፕላን ስናረግፍበት በነበረው ሰሌዳ ላይ።

ሰባኪው ደግሞ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ሌዳሞ። ወንጌላዊ ሌዳሞ! የልጅነት ጓደኛዬ፤ ከት/ቤት እየፎረፍን እኔ በግራ እጀታ፣ እሱ በቀኝ እንጫወት ነበር።

ከተያየን ስንት ዘመን። አልተጣላንም። የሚያናድደውም ይኸው ነው። ብንጣላ ኖሮ ሽማግሌ ተልኮ እንታረቅ ነበር። ላልተጣላ ሰው ሽማግሌ አይላክ፣ ካሣ አይቆረጥ። ዝም ብሎ መራቅ መድኃኒት የለውም።

ኅዳር 8፣ እሁድ
ቡሹሎ ሄድኩ። ለሳጥኑ። (ብርቄ፣ ይህን ካነበብሽ፣ ሃይማኖት አልቀየርኩም።) ኋላ ተቀመጥኩ። ስለ ትዕግሥት ሰበከ። ነገሩ ሲግል የቀኝ አውራ ጣቱ ሰሌዳውን ይመታል፤ ቶሎ ቶሎ፣ አረፍ፣ ቶሎ ቶሎ። ያ ተኩስ! ሌላው አሜን ይላል፣ እኔ “ከኋላህ መጡብህ!” ልል ምንም አልቀረኝም።

ሲያልቅ አቀፈኝ። ሸብቷል። እኔም። ሳጥኑን ከቆራሌው የገዛው ራሱ ነው፤ ለማገዶ ሊፈልጠው ሲል ደርሶ።
“ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?”
“ሲመጣ ያየዋል ብዬ። አልመጣህማ።”
ከዚያ ሳቀ። “አንተ ሆድ ዕቃውን፣ እኔ ቆዳውን። ሳናውቀው ቅርጫ ገብተናል በለኛ!”

ስምምነት፦ አዲስ አትሮንስ አሠርቼ ላምጣ፣ ሳጥኑን ልውሰድ። የቸርቹ ሽማግሌዎችም ደስ አላቸው።

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ
አዲስ ከተማ ሰፈር። ትእዛዙን ለአናጢው ለጋሽ ወርቁ ሰጠሁ። ለሠርግ የታዘዘ አልጋ ለክርስትና የሚያደርሱ ናቸው። ለገና ይደርሳል አሉኝ። በሆዴ፣ ለፋሲካ አልኩ።

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ
ቡሹሎ። ቁመት ልለካ። ባለፈው ሐሙስ ወርዱን ለክቼ ነበር። በዚያውም የእንጨት ቀለም ላማክር። ሌዳሞ እስከ አስፋልቱ ሸኘኝ። ባዶ ባጃጅ መጣ፣ አሳለፍነው። ሌላ መጣ፣ አሳለፍነው። ወሬያችን? ምንም። የሆቴሉ ዘበኛ እንዴት ያባርረን እንደነበር። ስለ ጉልበቱ ሕመም። ስለ ልጄ ፈተና።

ቤት ና፣ አንድ ዙር እንጫወት አልኩት። “ወንጌላዊው ጌም ቤት ታየ ሲባል ልትሰማ ነው?” ብሎ ሳቀ። አይመጣም። ዐወቅኩት።

ኅዳር 22፣ እሁድ
ስክሪኑ በራ! ጠረጴዛ ላይ፣ ሽቦው እንደተዘረገፈ። ያ ሰማይ፣ ያ ድምፅ። ብርቄ እንኳ መጥረጊያዋን ይዛ ቆመች። ለሁለት ሰው ከፈትኩት። ግራውን እኔ ያዝኩ። የቀኙ አውሮፕላን ዝም ብሎ ቆሞ ተመታ። እንደገና ከፈትኩ። እንደገና ቆሞ ተመታ። አጠፋሁት።

ኅዳር 29፣ እሁድ
ጋሽ ወርቁ ደወሉ። አልቋል አሉ። አልቋል! እኚህ ሰው በዕድሜያቸው አንድ ቀን ቃላቸውን ቢያከብሩ፣ በእኔ ላይ!

ሮጥኩ። ያምራል፣ እግዚአብሔር ያሳያችሁ፤ የዋንዛ እንጨት፣ ጠርዙ እንደ መስታወት የለሰለሰ። ማስረከብ ነው፣ ሳጥኑን መጫን ነው፣ አለቀ። ከዚያስ? ቡሹሎ ምን ልሁን ብዬ እሄዳለሁ?

ዞርኩት። ደባበስኩት። ዝቅ ብሏል አልኳቸው።
ጋሽ ወርቁ ሜትራቸውን ዘረጉ። “ኧረ ልክ ነው! አንተው በሰጠኸኝ ቁጥር።”
“ሰባኪው ረዘመ።”
ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። “በዚህ ዕድሜው?”
“በዚህ ዕድሜው።”

እግሩ ተፈትቶ እንደገና ይሠራል። አይቸኩሉ ብያለሁ። ነገ ቡሹሎ ሄጄ ሌዳሞን እለካዋለሁ።