ወርቁ ላይ ያለው ጭረት

ሶሌ፣ የልጄ አባት፣

ከተለየኸን ዓመት ሊሞላ ነው። ልጃችን ማክዳ መኪና መንዳት ጀምራለች፤ ዊንተሩን ሁሉ በዚያ በረዶ ሥራ ያደረሰችኝ እሷ ናት። ጃኬትህ እንደተሰቀለ አለ፣ ለማንሳት አልደፈርንም። ዛሬ የምጽፍልህ ግን ሳታውቀው የሄድክ አንድ ነገር ስላለ ነው።

ያን የወርቅ ሳንቲም ያመጣህበትን ቀን አልረሳውም። ሆስፒታል ኦቨርታይም ስትሠራ ከርመህ፣ በእረፍትህ ቀን የሳንቲም ሱቁ መስታወት ላይ ተደፍተህ ስትውል ስንት ዓመት ሆኖህ ነበር! እጅህን ታጠብክ፣ ነጭ ጨርቅ ዘረጋህ፣ ከዚያ ጠራኸን። አሜሪካ ገና ጨቅላ አገር ሳለች የተሠራ ነው አልከን። ቆብ የደፋች ሴት አለችበት፤ ፊቷ ላይ ግን ጭረት አየሁ።

“ተታለልክ” አልኩህ።

“ጭረት ባይኖረውማ የኔ እጅ መቼ ይደርስበት ነበር?” ብለህ ሳቅክ።

ባለፈው ቅዳሜ ሴንት ፖል ውስጥ የሳንቲም ሰብሳቢዎች ገበያ ነበር። ሳንቲሙን ባየሁት ቁጥር ሐዘኔ ስለሚቀሰቀስ ልሸጠው ይዤው ከማክዳ ጋር ሄድኩ። አንድ ሽማግሌ ነጋዴ በማጉያ መነጽር እያየ ደጋግሞ አገላበጠው። ያቃለለው መስሎኝ፣ “ጉዳት እንዳለው እናውቃለን” አልኩት።

“ጉዳት አይደለም” አለኝ ቀና ብሎ። “ያኔ እያንዳንዱን ወርቅ በሚዛን ይመዝኑት ነበር። ይሄኛው ከሚፈለገው ትንሽ ከበደ፤ ሠራተኛው በሞረድ ፈግፍጎ አቀለለው። ምስሉ የተመታበት ከዚያ በኋላ ነው። ይሄ የሞረዱ መንገድ ነው።”

አየህ ሶሌ፣ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ጠዋት ተነስቶ ሥራ የገባ ሰው፣ የእጁ ምልክት እዚያው አለ። መነጽሩን ተቀብዬ አየሁ፤ መስመሮቹ ገና አሁን የወጡ ይመስላሉ። ማክዳም አየች። ሁሌ በእንግሊዝኛ የምትመልስልኝ ልጅ በአማርኛ፣ በሹክሹክታ፣ “እማዬ፣ የማን እጅ ነው?” አለችኝ። ነጋዴውን ጠየቅኩላት። ስሙን የሚያውቅ የለም አለ።

ሳልሸጠው ተመለስኩ። መንገዱን ሁሉ ማክዳ ስላንተ ስትጠይቀኝ ነበር፤ ወጣት ሳለህ ምን እንደምትመስል፣ መጀመሪያ የት እንደተገናኘን፣ ምን እንደሚያስቅህ። ቤት ደርሰን መኪናው ከቆመ በኋላም ቶሎ አልወረድንም። የማላውቀውን አላውቅም አልኳት። የማውቀውን ግን አንድም ሳላስቀር እነግራታለሁ፤ እሷም ለልጆቿ ትነግራለች። ሰሎሞን የሚለው ስም እኔ በሕይወት እያለሁ ከዚህ ቤት አይጠፋም።

ያንተው አልማዝ