ኤደን ዝም ያለችበት እሁድ

ውድ ራሔል፣

ማክሰኞ ደውለሽ ስናወራ «ኔትወርኩ ተቆራረጠ» ብዬ የዘጋሁት እኔ ነኝ። ኔትወርኩ ደህና ነበር። የጠየቅሽኝን ነገር በአፌ ልመልስልሽ ስላልቻልኩ እጽፍልሻለሁ።

«እትዬ አስካለ፣ ይቺ ልጄ ደስታ ልትገድለኝ ነው» አልሽኝ። «ዲያቆኑ ሲያዜም አብራ ትጮሃለች፤ የሰው ነጠላ ትጎትታለች፤ በር ላይ የተቀመጠውን ጫማ ሁሉ ታደባልቃለች። ኤደንን እንዴት አድርገሽ ነበር ዝም ያሰኘሻት? ዘዴሽን ንገሪኝ።» ከዚያ ሳቅ ብለሽ ጨመርሽ። «ሁልጊዜ እነግራታለሁ። እህትሽ እንዳንቺ አልነበረችም፤ ዝም ብላ ቆማ ነው የቆረበችው እላታለሁ።»

ስልኩን የዘጋሁት እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ ዘዴውን ልንገርሽ፤ እሱ ቀላል ነው። አንቺ ከሮቢት ወደ ማጀቴ ከተማ ከሄድሽ ወዲህ በየእሁዱ በሴቶች መግቢያ በኩል ግድግዳውን ተደግፌ የሌሎች ሰዎችን ልጆች እጠብቃለሁ። እናቶች አምጥተው አጠገቤ ያስቀምጡልኛል። ሰው የማያውቀውን ሥራ ብዙ ጊዜ ሲሠራው ይለምደዋል። ከቤት ስትወጡ ሽንት አሽኛት። የነጠላሽን ዘርፍ ቋጥሪላትና በጣቷ ትፍታው፤ ስትጨርስ ሌላ ቋጥሪላት። መቁጠሪያሽን ስጫትና እግዚኦታ ሲደርስ በእያንዳንዱ «እግዚኦ» አንድ ፍሬ ታሳልፍ፤ ልጆች ትልቅ ሰው የሚሠራውን መሥራት ይወዳሉ። ሥዕሎቹ ላይ ስንት ፈረስ እንዳለ ፈልጊ በያት፤ ከተገኘ በኋላ ደግሞ ስንት ነጭ ፈረስ እንዳለ። እንቅልፍ ከወሰዳት ተያት፣ ትተኛ።

የሚበላ ነገር ግን ይዘሽ አትግቢ። ለኋላ ነው ብለሽም ቢሆን።

ይህን የምጽፈው ሱቄ ውስጥ በማሾ ጆንያዎች መሐል ተቀምጬ ነው። ጎረቤቴ ጣይባ ገብታ ወረቀቱን አየችና «ይሄን ሁሉ ለማን ነው? ባል አገኘሽ እንዴ በዚህ ዕድሜሽ?» አለችኝ።

«ልጅ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዴት ዝም እንደሚል ነው የምጽፈው።»

«አይ እናንተ! ሦስት ሰዓት ሙሉ ቁሚ ትሏታላችሁ፣ ከዚያ ለምን አለቀሰች። እኔ እንኳ ብሆን በርጩማ አምጡ እላለሁ።»

«አንቺማ በርጩማውም ላይ ሆነሽ ደከመኝ ትያለሽ።»

ስቃ ወጣች። ከዚያ ተመልሳ በሩ ላይ ቆመችና «ፊትሽ ግን የሳቀ ሰው ፊት አይደለም፤ ወላሂ» አለችኝ። ጣይባ ሰው ታውቃለች።

ራሔል፣ አንቺ አጣዬ ከተማ የወለደች እህትሽን ልትጠይቂ ስትሄጂ ኤደንን እኔ ዘንድ ተውሻት። «እሁድ ሳታበያት ይዘሻት ሂጂ፤ አቁርቢልኝ፣ አደራ» አልሽኝ። አምስት ዓመቷ ነበር። ጥቅምት ነበር፤ እንደምታውቂው በጥቅምት የሮቢት ትንኝ አይጣል ነው። ቆርባ ስትወጣ የምትበላው አንድ ፓኮ ብስኩት ቅዳሜ ገዝቼ በቦርሳዬ ያዝኩ።

ወንጌል እስኪነበብ ደህና ነበረች። ከዚያ መነጫነጭ ጀመረች። «እትዬ፣ እንውጣ።» «ትንሽ ቀረ።» «እትዬ፣ እንውጣ።» ቆይታ አለቀሰች። ከፊቴ የቆሙ አንዲት አሮጊት ዞረው «ወይ አስወጫት ወይ ዝም አሰኛት!» አሉኝ። ሴቶቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ። እኔ ደግሞ በዚያ ቦታ ስንት ዓመት የቆምኩ፣ ስሜ የሚጠራ ነጋዴ ነኝ። በሰው መሐል እያስለቀስኳት መውጣቱ አሳፈረኝ። በነጠላዬ ከለልኳትና ብስኩት ሰጠኋት። አንድ፣ ከዚያ ሁለተኛ። ዝም አለች።

ሠራ ብዬ ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፤ ያን ጊዜ የተሰማኝ ደስታ ነው።

ቃጭሉ ሲደወልና እናቶች ልጆቻቸውን አቅፈው ሲሰለፉ ኤደን እጄን ጎተተች። «እትዬ፣ እኔስ?»

«አንቺ በልተሻል። የሚመጣው እሁድ።»

«አንቺ ነሽ እኮ የሰጠሽኝ» አለችኝ።

አልጮኸችም። ቀና ብላ ዓይኔን አየችው፣ ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችና ቅዳሴው እስኪያልቅ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። አንቺ ለደስታ ምሳሌ የምታደርጊው ያን ዝምታ ነው።

እሁድ ማታ ትኩሳቱ በረታባት። ሰኞ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፤ ወባ ነው አሉ፣ መድኃኒት ጀመረች። ማክሰኞ አንቺ ደረስሽ። ሐሙስ ቀበርናት። የሚመጣው እሁድ ያልኳት እሁድ ሲመጣ ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ አልፎ ነበር።

ልቅሶ ቤት ውስጥ መሬት ላይ ተደፍተሽ እህል ውኃ አልቀምስም ብለሽ ነበር። ባልሽ ብርሃኑ ሊያነሳሽ ቢሞክር ገፈተርሽው። ከዚያ ቀና አልሽና እኔን ፈልገሽ አገኘሽኝ። «እሁድ ቆርባለች?»

«ቆርባለች» አልኩ።

ተነሳሽ። ፊትሽን ታጠብሽ። ለለቀስተኛው ሁሉ «ልጄ ቅዱስ ቁርባን ተቀብላ ነው የሄደችው» ስትይ ሰማሁ፤ ሴቶቹም እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። በንግዴ የነቀዘ ማሾ ከጥሩው ደባልቄ ሸጬ አላውቅም፤ ለአንቺ ግን በዚያች ደቂቃ የሰጠሁሽ እሱን ነው። አንቺም ሰባት ዓመት በእሱ ኖርሽ።

ኤደን አልቆረበችም፣ ራሔል።

የዕለት ማስታወሻ እንደምጽፍ ታውቂያለሽ። የዚያን እሁድ ገጽ አሁንም አለኝ። «ቅዳሴ ሄድን። ኤደን መጀመሪያ አስቸገረች፤ ኋላ ዝም አለች። ፀሐዩ ከባድ ነበር» ይላል። ሌላ የለውም። ለራሴ ደብተር እንኳ አልተናገርኩም።

ጥላ የሚታየኝ፣ ድምፅ የሚሰማኝ ሰው እንዳልሆንኩ አንቺም ምስክር ነሽ። ሰው ስለ ሙት መንፈስ ሲያወራ የምስቅ ሰው ነኝ። ነገር ግን እናቶች ሰባት ልጅ አምጥተውልኝ ስቆጥር ስምንት የሚሆኑብኝ እሁድ አለ። እንደገና እቆጥራለሁ፤ ሰባት ናቸው። ቃጭሉ ሲደወል ደግሞ ከኋላዬ፣ ከግድግዳው በኩል፣ «እኔስ?» የሚል እሰማለሁ። ዞሬ ልጆቹን አንድ በአንድ አያቸዋለሁ። ሁሉም የነጠላ ቋጠሮ እየፈቱ ነው። ማንም አልተናገረም። አሁን አሁን መዞሩን ትቻለሁ፤ «መጣሁ» ብዬ በልቤ እመልስና ልጆቹን አሰልፋለሁ።

ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸዋለሁ። «ለልጅቱ አትፍሪ፤ ሕፃን ናት፣ እግዚአብሔር በብስኩት አይጣላትም» አሉኝ። «የዋሸሻት እናቷን ነው። እሷ እስክትሰማ ድረስ ስግደትሽ ጉልበት ማድከም ብቻ ነው።» ይህን ከሰሙኝ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። በየጊዜው «ነገርሻት?» ይሉኛል፤ «ስትመጣ» እላለሁ። በየዓመቱ ለኤደን ፍትሐት ትመጫለሽ፤ እኔ ቤት ታርፊያለሽ፤ እጄን ይዘሽ «አንቺ ባትኖሪ» ትያለሽ፤ እኔም ቡና እቀዳልሻለሁ።

ለእሳቸውም ያልነገርኩት አንድ ነገር አለ። ብስኩቱን እጇ ላይ ሳስቀምጥ እጇ ይፋጅ ነበር። ተሰምቶኛል። የሮቢት ሙቀት ነው፣ ሰው ተጨናንቆ ነው ብዬ አለፍኩት፤ ሴቶቹ እያዩኝ ነበራ። እንውጣ ያለችኝ ቅዳሴው ሰልችቷት አይደለም። አሟት ነበር። የምትነግረኝ በልቅሶዋ ነበር፣ እኔ አፏን ዘጋሁት። ያኔውኑ አቅፌያት ወጥቼ ቢሆን ትተርፍ ነበር ወይ ብዬ አንድ ሐኪም ጠየቅኩ፤ የሌላ ሰው ጉዳይ አስመስዬ። «አንድ ቀን ለውጥ ሊያመጣ ይችላል፣ ላያመጣም ይችላል» አለኝ። ከዚህ የተሻለ መልስ የሚሰጠኝ ሰው አላገኘሁም። አንቺንም እንቅልፍ ይነሳሽ ይሆናል፤ ግን ካሁን በኋላ ለብቻዬ ልይዘው መብት የለኝም። የአንቺ ልጅ ናት።

ስለዚህ ከላይ የጻፍኩልሽ ዘዴ ሁሉ ደህና ለሆነች ልጅ ነው። ደስታ ያለ ወትሮዋ ካለቀሰች ዝም አታሰኛት። ይዘሻት ውጪ። ግንባሯን ዳሺ፤ የት ነው የሚያምሽ ብለሽ ጠይቂያት። ሰው ቢያይሽ ይይ። ቅዳሴው ያላንቺም ይቀጥላል።

ይህን ለሹፌሩ ለሰዲቅ ነው የምሰጠው፤ ሚኒባሱ ሞልቶ ወደ እናንተ ሊነሳ ነው። ሱቄ ውስጥ ካደረ እንደምቀደው ራሴን አውቃለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ ብዬ አልጽፍም፤ በወረቀት ጠይቄሽ መልስ አምጪ ማለት ሌላ ዕዳ መጫን ነው። መጥተሽ ልትሰድቢኝ ብትፈልጊ ሱቁ ክፍት ነው፤ ከጣይባ ሌላ የሚሰማ የለም። በጥቅምት ስትመጪ ሌላ ቤት ብታርፊም ለምን አልልሽም።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። ለደስታ እህትሽ እንዳንቺ አልነበረችም አትበያት። ኤደን ተነጫንጫለች፣ አልቅሳለች፣ እጄን ጎትታለች፣ አጥፍቼም ስታገኘኝ ፊት ለፊት ነግራኛለች። ልክ እንደ ደስታ ነበረች።

አስካለ
ሸዋ ሮቢት